የጦስኝ መደብ

ጦስኝን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለንም። እኛም እናውቀው ነበር፤ ወይም የምናውቀው ይመስለን ነበር። ጦስኝ ለእኛ ከገበያ በእፍኝ ተሰፍሮ የሚመጣ፣ ደርቆ የተሰባበረ፣ ከሻይ ውስጥ ገብቶ ሽታው ቤቱን የሚሞላ፣ ከዚያም ተጠልሎ የሚጣል ነገር ነበር። አበባው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ በየትኛው ወር እንደሚያብብ፣ ድንጋያማ ሥፍራ ይወድ እንደሆን ወይስ ረግረግ፣ ቢጠየቅ የሚመልስ ከአምስታችን አንድ ሰው ብቻ ነበር። አራታችን የከተማ ልጆች ነን። ስለ ገበሬው ኑሮ ጽሑፍ አዘጋጅተን በየጉባኤው እያነበብን ያስጨበጨብን ሰዎች፣ ገበሬው የሚኖርበት ተራራ ምን እንደሚያበቅል አናውቅም ነበር። ስለ መደብ ስንከራከር ሌሊቱን አንግተን፣ የችግኝ መደብ እንዴት እንደሚዘጋጅ ግን ከመካከላችን የሚነግረን አጣን።

ነገሩ የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. በስቶክሆልም ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ካላልን በቀር ዘመኑ በአገራችን አቆጣጠር ነው።) በሁለት ክፍል አምስት ሆነን የምንኖር ተማሪዎች ነበርን። ከአገር ቤት ዕቃ የሚመጣው አልፎ አልፎ፣ በመንገደኛ ሻንጣ ጥግ ተወሽቆ ነው። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ለመንዙ ጓደኛችን ከእናቱ አንድ ጥቅል ደረሰው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ከሥር ደግሞ በነጭ ጨርቅ የታሰረች ትንሽ ቋጠሮ። ቋጠሮዋ ስትፈታ ክፍሉ ሌላ ቤት ሆነ። አንዳችን ሽታው እንዳይወጣ መስኮቱን ዘጋ፤ ሌላው ምንም ሳይናገር ውሃ ጣደ። የመንዙ ልጅ ግን እጁን በቋጠሮው ላይ ጭኖ፣ «ግማሹ ለሻይ፣ ግማሹ ለዘር» ሲል ፈረደ።

ከደረቀ ጦስኝ ላይ ዘር ይገኛል ብሎ ማን ያስባል? እርሱ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ የደረቁትን የአበባ ራሶች በሁለት መዳፉ መካከል አሸ፤ ገለባውን በቀስታ እፍ አለና ወረቀቱን ወደ መብራቱ አቀረበ። ከጤፍ የማይበልጡ፣ ጠይም፣ ክብ ፍሬዎች ወረቀቱ ላይ ተንከባለሉ። «እናቴ ሳታስበው አልላከችውም» አለን። «አበባው ካለፈ በኋላ ፍሬ ይዞ የተለቀመ ነው።»

ከዚህ በኋላ የሠራነውን ስሕተት ሳንደብቅ እንጽፋለን። ከዘሩ እኩሌታውን ባቄላ እንደሚዘራ ሁሉ በጣታችን ጉድጓድ እየወጋን ቀበርነው፤ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣነው። ሦስት ሳምንት ጠብቀን ከሻጋታ በቀር የበቀለ ነገር አላየንም። ስብሰባ ተጠራ። አንዱ ጥፋቱን በአፈሩ፣ አንዱ በስዊድን ፀሐይ፣ አንዱም «በተጨባጩ ሁኔታ ላይ በቂ ጥናት ሳይደረግ» ሥራው በመጀመሩ ላይ አላከከ። ትክክለኛው የኋለኛው ነበር፤ ነገር ግን ይህን ሐረግ በየስብሰባው ስለሚደጋግመው ማንም አልሰማውም።

ያዳነን የአንዲት ጡረተኛ ስዊድናዊት መሬት ነው። ከመኖሪያችን ብዙም ሳይርቅ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ በጥቃቅን አጥር የተከፋፈለ የአትክልት ሥፍራ ነበር። ስዊድኖች ይህን ዓይነቱን ቁራሽ መሬት «ኮሎኒ» ብለው ይጠሩታል። ኢምፔሪያሊዝምን በየአደባባዩ ስናወግዝ የኖርን ሰዎች የኮሎኒ ተካፋዮች መሆናችን በማኅበራችን ውስጥ ለብዙ ጊዜ መሳቂያ አድርጎን ነበር። የነገሩ ሥር ግን የሚያስቅ አይደለም። አና ሊንድሃገን የተባሉ የሶሻል ዴሞክራት ፖለቲከኛ በ1906 እ.ኤ.አ. የስቶክሆልሙን የኮሎኒ አትክልት ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ዓላማቸው በጠባብ ክፍል ታጭቆ የሚኖረው የሠራተኛ ቤተሰብ ድንችና ጎመን የሚያበቅልበት፣ ልጆቹንም ንጹሕ አየር የሚያስተነፍስበት ቦታ እንዲያገኝ ነበር። ስለ አውሮፓ ሠራተኛ እንቅስቃሴ ያላነበብነው መጽሐፍ ያለ አይመስለንም ነበር፤ ይህን ግን የሰማነው አጥር ተደግፈን ከእኒህ ሴት አፍ ነው።

ሴትዮዋ ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር እኛ ቆፈርንላቸው፤ እርሳቸውም በደቡብ በኩል ካለው የድንጋይ ግንብ ሥር አንዲት ጥግ ሰጡን። በመካከላችን «እማማ» እንላቸው ጀመር። ስለ ዘሩ ስንነግራቸው ሳቁብን። ይህን ያህል ደቃቅ ዘር አይቀበርም፤ ብርሃን ይሻል። አሸዋ በበዛበት አፈር ላይ ነስንሶ በመዳፍ ጫን ማድረግ፣ ውሃውንም ከላይ ማፍሰስ ሳይሆን ሸክላውን ውሃ ባለበት ሰሐን ላይ አስቀምጦ ከሥር እንዲጠጣ መተው ነው። «ይህ የተክል ወገን በጥም አይሞትም፤ በመጠጥ ነው የሚሞተው» አሉን። ከመካከላችን ሁለቱ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

የቀረው ዘር በተዘራ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ካላጎነበሱ የማይታዩ ሁለት ሁለት ቅጠሎች ብቅ አሉ። በሰኔ ወር ወደ ጥጋችን አዛወርናቸው። መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገን ጠጠርና አሸዋ ደባለቅንበት፤ ፍግ አልጨመርንም። ጦስኝ የሰባ አፈር ሲያገኝ ቅጠሉ ይንዠረገግና ሽታው ይከዳዋል። የመንዙ ልጅ ይህን ያውቅ ነበር፤ ከገደል አፋፍ የሚለቀመው ከእርሻ ዳር ከሚለቀመው ይልቅ ይሸታል ሲሉ ሰምቶ አድጓል። ያ በጋ መልካም ነበር። የስዊድን የበጋ ቀን ከዐሥራ ስምንት ሰዓት በላይ ብርሃን አለው፤ ችግኞቻችንም ሌት ከቀን የተማሩ ይመስል በአንድ በጋ የሁለት ክረምት እድገት አደጉ።

ከዚያም ሞቱ። ጎረቤታቸው የነበረው የአውሮፓው ጦስኝ፣ ስዊድኖች ቲምያን የሚሉት፣ በጥድ ቅርንጫፍ ተሸፍኖ ከርሞ በሚያዝያ አረንጓዴ ሆኖ ተነሣ፤ የእኛ ግን ሥሩ ጠቁሮ በጣት ሲነካ ተላቆ መጣ። ብርድ ነው የገደለው ማለት ትክክል አይመስለንም። በመንዝም ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ነገር ግን ጠዋት ፀሐይ ትወጣና ውርጩን ታነሣዋለች። እዚህ ታኅሣሥ ላይ የቀኑ ብርሃን ከስድስት ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ መሬቱ ለወራት ይደርቃል፣ ሲቀልጥም ጭቃ ሆኖ ይቆያል። በጨለማና በእርጥብ ነው የሞተው። ብዙ ሰውም በዚህች ከተማ በዚያው መንገድ ሲደክም አይተናል።

የሚያሳፍረን ከዚህ የሚቀጥለው ነው። በዚያው ሚያዝያ፣ በ1973 ዓ.ም.፣ የጓደኛችን እናት በሰፈራቸው ዲያቆን አስጽፈው፣ «ጦስኙ በሰው አገር በቀለልህ ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። እርሱ እውነቱን ሊጽፍ ነበር፤ እኛ ነን የከለከልነው። እናት ልጇ በባዕድ አገር የተከለው ሞተ ብላ ስትሰማ ምን ትላለች? ይህ ምልኪ አይሆንባትም ወይ? በእኛ ምክር በቅሎ አብቧል ተብሎ ተጻፈ። ውሸቱ እንዲያምርም ከሴትዮዋ ቲምያን ላይ ያበበ ቀንበጥ ቀጥፈን፣ በመዝገበ ቃላት መካከል አድርቀን፣ በፖስታው ውስጥ ጨመርነው። መልሱ የደረሰን በጥቅምት 1974 ነው። ደብዳቤው ዛሬም በእጃችን ስላለ የሚመለከተውን ክፍል እንገለብጣለን።

«ልጄ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የላክኸውን አሸተትሁት። የእኛ ጦስኝ አይደለም። ዘመዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ሽታው ይመስላል፣ ምላስ ላይ ግን አይነክስም። የእኛው ሞቶ እንደሆነ ሞተ ብለህ ንገረኝ። ለጦስኝ ምን ይዋሻል? ሌላ እልክልሃለሁ። አንተ ብቻ ደህና ሁን።»

የሂስና የግለሂስ ስብሰባ ያደረግነው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ካደረግናቸው ሁሉ ከልብ የተደረገውም እርሱ ይመስለናል። ሌላ የምንጨምረው የለም።

ሴትየዋ በምላሳቸው የለዩትን የዕፅዋት ሊቃውንት በመሣሪያ ለይተውታል። በአገራችን ደጋ ሁለት ዓይነት ጦስኝ ይበቅላል፤ ሁለቱም ከዚያው ከደጋው ምድር በቀር በተፈጥሮ የሚገኙ አይደሉም። አንደኛው በሳይንሱ ዓለም የሚጠራው በጀርመናዊው የዕፅዋት ለቃሚ በሺምፐር ስም ነው፤ ይህ ሰው በ1837 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ በትግራይ ኖሮ፣ በ1878 አድዋ ላይ ያረፈ ነው። (ከእርሱ በፊት ለብዙ ዘመን የለቀሙት ሴቶች ስማቸው በምንም ላይ አልቀረም።) የጦስኝ ሽታ ከቅጠሉ ዘይት ይመጣል፤ በዘይቱ ውስጥ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ሁለት ቅመሞች አሉ። ተራው የአውሮፓ ቲምያን ብዙውን ጊዜ ቲሞል ያይልበታል፤ እርሱም በአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ውስጥ የሚገባው ነው። በእኛው ጦስኝ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚበዛው ካርቫክሮል ነው፤ ምላስ የሚነክሰውም እርሱ ነው። በስደቱ መጀመሪያ ዓመታት ከሱቅ በተገዛ ቲምያን የሠራነው ሽሮ ሁሉ የመድኃኒት ቤት ሽታ ሽታ ያለን ለምን እንደሆነ የገባን ዘግይቶ ነው።

ሁለተኛው ቋጠሮ በጥር 1974 ደረሰ። ይህን ጊዜ ሁሉንም በመሬት ላይ አላደረግንም። ከበቀሉት ውስጥ ስድስቱን በሸክላ ተከልን፤ በጋውን በኮሎኒው ፀሐይ ሞቁ፣ መስከረም ሲያልቅ ወደ ቤት ገቡ። የሞቀ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ስሕተት ነው፤ ብርሃን ሳያገኝ ሙቀት ያገኘ ተክል ቀጥኖ ቀጥኖ ይወድቃል። ለእኛ የተስማማው በደረጃው መተላለፊያ ላይ ያለው መስኮት ነው፤ ይቀዘቅዛል፣ ውርጭ ግን አይገባበትም። በክረምቱ ወራት በሁለትና በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ጥቂት ውሃ ያገኛል። አበባው ሲያልፍ የእንጨቱን ክፍል ሳይነኩ ከላይ ከላይ መከርከም ያስፈልጋል፤ አሮጌው እንጨት አንዴ ከተቆረጠ እምብዛም አያቆጠቁጥም። ሦስት አራት ዓመት ሲሆነው መሐሉ ስለሚራቆት፣ በበጋው መግቢያ ላይ ያላበቡ ለጋ ቀንበጦችን በጣት ርዝመት ቆርጦ፣ የታችኛውን ቅጠል ልጦ፣ በእርጥብ አሸዋ ላይ መሰካት ነው። በአንድ ወር ገደማ ሥር ያወጣሉ። ዘሩ ካለቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬ ያለን ሁሉ የዚያው የሁለተኛው ቋጠሮ ቅጥያ ነው።

ስለ ማጀቱም እንናገር። ሻዩ ላይ ቀላል የሚመስል ጥፋት አለ፤ ጦስኙን ከውሃው ጋር ማንተክተክ። ሽታው በእንፋሎት ይወጣና ለጎረቤት ይቀራል። ውሃው ከፈላ በኋላ ከእሳት አውርዶ፣ ቀንበጡን ጨምሮ፣ ከድኖ ጥቂት ማቆየት ይበቃል። ለማድረቅ ደግሞ እንደ እቅፍ አስሮ በጥላ ሥር ዘቅዝቆ መስቀል፣ ሲደርቅ ከእንጨቱ ማራገፍ ነው፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጦስኝ ድርቆሽ ነው። ለበርበሬና ለሽሮ በሶብላው፣ ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ ሲደባለቅ መጠኑ በየቤቱ ይለያያልና ከዚህ ላይ ለመፍረድ አንደፍርም፤ በእኛ ቤት የጎጃሙና የመንዙ ልጅ በዚህ ጉዳይ የጀመሩት ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። የምንፈጨው በቡና መፍጫ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቡናው ለሳምንት ሽሮ ሽሮ ይላል።

ስዊድኖች ሐሙስ ሐሙስ የአተር ሾርባ ይበላሉ፤ «አርትሶፓ» ይሉታል። ቢጫ አተር ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ከአሳማ ሥጋ ጋር ተቀቅሎ፣ ቲምያን ተጨምሮበት፣ ከሰናፍጭ ጋር ይቀርባል። ሐሙስ የሆነበትም ምክንያት በጥንቱ የካቶሊክ ዘመን ዓርብ ይጾም ስለነበር ነው ይባላል። (ንጉሣቸው ኤሪክ 14ኛ በ1577 እ.ኤ.አ. የሞተው በዚሁ ሾርባ ውስጥ በተጨመረ መርዝ ነው የሚል ታሪክም አላቸው፤ ይህ ግን የሾርባው ጥፋት አይደለም።) በተማሪዎች ምግብ ቤት በመጀመሪያ ስንቀምሰው አሳማውን ትተን አተሩን ብቻ አወጣን፤ ከመካከላችን አንዱ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «ይህ እኮ ቁርጥ የክክ አልጫ ነው» አለ። ጾም ያስጀመረው ምግብ፣ አተር፣ የጦስኝ ዘመድ። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ስዊድን ለእኛ የቀድሞዋ ስዊድን አልነበረችም። ለእማማም ያለ ሥጋ፣ በእኛው ጦስኝ ሠርተን ወሰድንላቸው፤ ሁለት ጊዜ አስጨምረው በልተው፣ «የበረታ ነው» ብቻ አሉ።

በሐምሌ 1975 ጦስኙ አበበ፤ ሐምራዊ፣ ደቃቅ፣ ንብ የማይለየው አበባ። ጓደኛችን በእጁ ቀንበጥ ቀጥፎ፣ በዚያው መዝገበ ቃላት አድርቆ፣ ለእናቱ ላከ። በጥቅምት 1976 ከአገር ቤት ደብዳቤ መጣ፤ የተጻፈው ግን ለእርሱ ሳይሆን ከእኛ ለአንዱ ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ምን እንደያዘ ሳይከፈት ይታወቃል። እናቱ ያረፉት በሰኔ ነው። አራት ቀን ደበቅነው፤ ፈተና ነበረበት። እሑድ ጎህ ሲቀድ በከተማው ያለው አገር ሰው ተሰብስቦ ደረጃውን ወጣን። ከእኛ መካከል በንግግር የታወቀው ሰው ስለ ሰው ልጅ ሁሉ መንገድ ከሩቅ ጀመረ። ጓደኛችን አልጋው ላይ ተቀምጦ እያንዳንዳችንን አየንና፣ «ሞታ እንደሆነ ሞተች በሉኝ» አለ። አልነውም።

ለሦስት ቀን ሰው ሲወጣና ሲገባ ሻይ ተፈላ። ማን እንደቆረጠው አናውቅም፤ ሁላችንም ቆርጠናል። ስድስቱ ሸክላዎች እስከ እንጨቱ ድረስ ተላጩ፤ ከዚያ ክረምት የተረፈው አንድ ብቻ ነው።

በጥቅምት 1985 ሁለታችን ከእርሱ ጋር ወደ መንዝ ሄድን። ከደብረ ብርሃን ወጥተን ጣርማ በር ስንደርስ ጉም ዓለሙን ሸፍኖት ነበር። መኪናው ቆመ፤ ልጆች ከጉሙ ውስጥ እቅፍ እቅፍ ጦስኝ ይዘው ወጡ። የከተማ ልጆች የሆንነው ጦስኝን በተወለደበት ምድር፣ ከቋጥኝ ጋር ተጣብቆ እንደ ትራስ ተነፍቶ፣ አብቦ ያየነው ያን ቀን ነው። ነገር ግን ልጆቹ የያዙት ከነሥሩ የተነቀለ ነበር። በእኛ አገር አንድ ሸክላ ለማትረፍ ሦስት ክረምት የታገልን ሰዎች ነንና አንዲቱን ልጅ፣ «ለምን ከነሥሩ ትነቅሉታላችሁ? ከላይ ብትቆርጡት እኮ መልሶ ያድጋል» አልናት። «ጋሼ፣ ማጭዱ ያባባ ነው» አለችን፤ ቀጥላም ስንት እንደምንገዛ ጠየቀችን።

እኅቱ ቤት ሦስት ቀን ሰነበትን። የመጨረሻው ደብዳቤ የእናታቸው አርባ ከወጣ በኋላ መድረሱን የነገረችው እርስዋ ናት። ሰውም ስለ ጓሳ አጫወተን። ጓሳ በመንዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ፣ ሣሩ፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የታወቀ ሥፍራ ነው። የአገሩ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል ይባላል፤ ለዓመታት ተዘግቶ ይከርምና በአዋጅ ይከፈታል፣ የደፈረም ይቀጣል። ሥርዓቱ የፈረሰው ከየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ነው። እኛ «መሬት ላራሹ» እያልን በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ጮኸናል፤ ዛሬም ያ ጩኸት ስሕተት ነበር አንልም። ነገር ግን ያን ሣርና ያን ጦስኝ የሚጠብቅ ሕግ በገበሬው እጅ እንደነበረ አናውቅም ነበር፤ ማወቅ እንዳለብንም አናውቅም ነበር። ጓሳ በኋለኞቹ ዓመታት ኅብረተሰቡ ራሱ የሚያስተዳድረው ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል።

እማማ ካረፉ ቆይተዋል። ኮሎኒው ከረጅም ወረፋ በኋላ በስማችን የሆነ ሌላ ቁራሽ ነው፤ ከአምስታችን ዛሬ እዚህ ያለነው ሦስት ነን። የመንዙ ልጅ ይህን ጽሑፍ ከመላኩ በፊት አንብቦት፣ የጣርማ በሩ ጉም ያን ያህል አልነበረም ብሎናል፤ ስለ ደብዳቤው ግን ምንም አላለም። ዘንድሮ በሰኔ ከሰካናቸው ዐሥራ አንድ ቀንበጦች ሰባቱ ሥር አውጥተዋል። ሦስቱ ለሚያዙት ተይዘዋል፤ አራቱ በደረጃው መስኮት ላይ ናቸው። የሚፈልግ ሸክላውን ይዞ ይምጣ፤ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ይሁን።